የፍሬኔ ትምህርት ምንድን ነው?

«ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ገባ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስክሪን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሴለስታን ፍሬኔ የሚባል የደቡብ ፈረንሳይ የገጠር መምህር ወደ ክፍሉ ያስገባው ግን አነስተኛ ማተሚያ ማሽን ነበር። በስሙ የሚጠራው ዘዴ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ልጆች የራሳቸውን ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ የትኛው እንደሚታተም በድምፅ ይወስናሉ፤ አብረው አትመው ለሩቅ አንባቢ ይልካሉ።

ፍሬኔ እ.ኤ.አ. በ1896 ተወለደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ሳንባው ቆስሎ ነው። በ1920 ባር ሱር ሉ በምትባል መንደር ማስተማር ሲጀምር ቀኑን ሙሉ እየጮኸ የማስተማር አቅም አልነበረውም። ልጆቹም ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ቀንድ አውጣ ማሯሯጥ ይስባቸዋል። እሱም የቀንድ አውጣውን ውድድር ትምህርት አደረገው። ልጆቹ ያዩትን ተናገሩ፣ ጻፉ፣ አነበቡ። ማተሚያው የመጣው በ1924 ገደማ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ስለፈለገው ነገር ይጽፋል፤ ርዕስ የሚሰጠው የለም። ጽሑፎቹ ለክፍሉ ይነበባሉ። ከዚያ እጅ እየወጣ ድምፅ ይሰጣል። ያሸነፈው ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ይወጣና ሁሉም አብረው ያርሙታል፣ ጸሐፊውም አስተያየቱን ይሰጣል። ቀጥሎ ፊደል ለቀማው ይመጣል። እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠሩት ፊደላት አንድ በአንድ፣ ያውም ተገልብጠው ይደረደራሉ። አንዱ ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ወረቀት ያስገባል፣ ሦስተኛው ይጫናል። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ በሁሉም ቅጂ ላይ ትታያለች። ስለዚህ ልጆቹ ለፊደል ስህተት የሚጨነቁት ቀይ እስክሪብቶ ፈርተው አይደለም፤ የሚያነበው ሰው ስላለ ነው።

አንባቢውም እውነተኛ ነው። በብሪታኒ የባሕር ዳርቻ በትሬጉንክ የሚያስተምር ረኔ ዳንኤል የሚባል መምህር ነበር። ሁለቱ ክፍሎች የታተሙ ገጾችና ደብዳቤ ይለዋወጡ ጀመር። የተራራው ልጆች ስለ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ያነበቡት ከዓሣ አጥማጅ ልጆች ብዕር ነው። በፖስታ!

ክፍሉ የሚተዳደርበት መንገድም ከዚህ አይለይም። ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ይለጠፋል። እዚያ ላይ ቅሬታ ያለው ይጽፋል፣ ማመስገን የፈለገም እንዲሁ፣ ሐሳብ ያለውም እንዲሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹ ተሰብስበው አንድ በአንድ ይወያዩበታል። ቅሬታ የጻፈ ስሙን ይጽፋል፤ ስብሰባው ላይም ፊት ለፊት ይናገራል።

ስለ ፍሬኔ ሳስብ የኛው «ፕላዝማ» ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ደረጃን በፕላዝማ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። መምህሩም ተማሪውም ተመልካች ናቸው። መሣሪያው ከማተሚያው እጅግ የረቀቀ ነበር፤ ተማሪው ግን ምንም የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። የትምህርት ቴክኖሎጂ ሲመጣ እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ይህንን ነው፦ ምን እንደሚገባበት የሚወስነው ማን ነው?

ወደ ፍሬኔ እንመለስ። የእሱን ዘዴ የተከተሉ መምህራን ብቻቸውን አልሠሩም። ገና በ1920ዎቹ ማኅበር አቋቁመው ማተሚያና የትምህርት መሣሪያ በጋራ ያዘጋጁ ነበር። በ1957 ደግሞ የተለያዩ አገሮችን የፍሬኔ መምህራን የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፍሬኔ በ1928 ወደ ሴን ፖል ደ ቫንስ ተዛወረ። እዚያ አንድ ተማሪ ሕልሙን ጻፈ። በሕልሙ ክፍሉ ለልጆች የትምህርት ቁሳቁስ በነፃ አልሰጥም ባለው ከንቲባ ላይ ያምፃል፤ ከንቲባው ላይም የቢላ ጥቃት ይደርሳል። ጽሑፉ ታተመ። ከዚያ የመንደሩ ግድግዳዎች መምህሩን በሚያወግዙ ፖስተሮች ተሞሉ፤ ጉዳዩ የፓሪስ ጋዜጦች ድረስ ሄደ። ፍሬኔ በ1933 ከመንደሩ ለቅቆ መውጣት ግድ ሆነበት። እሱና ባለቤቱ ኤሊዝ ከዚያ በኋላ ቫንስ ውስጥ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያንን ትምህርት ቤት በኋላ፣ በ1991፣ የገዛው የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ ነው።

ዛሬ ዘዴው በፈረንሳይ በበርካታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። የእርሳሱን ፊደል ኮምፒውተር ተክቶታል፣ ፖስታውንም ኢሜይል። ድምፅ መስጠቱና ሳምንታዊው ስብሰባ አልቀሩም። አስቸጋሪው ነገርም እዚሁ ላይ ነው። በድምፅ የሚወሰን ከሆነ ተወዳጁ ልጅ በየሳምንቱ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ዝምተኛዋ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳትታተም ልትቀር ትችላለች። ይህን ለማስተካከል መምህሩ የማን ጽሑፍ ታትሞ የማን እንደቀረ ልብ ማለት አለበት። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።