የጎንደር ፋርማሲዎች፦ የሚታመነውን በምን እንለየው?

ጎንደር ላይ መድኃኒት ቤት አይጠፋም። ፒያሳ አለ፣ ማራኪ አለ፣ አዘዞም አለ፤ ሆስፒታሉ አካባቢማ በር በበር ናቸው። ከተማዋ ባለሙያም አትቸገርም፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረው ነው፣ አሁን ፋርማሲስትም ያስመርቃል። የሚቸግረው ጥሩውን መለየት ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ። መድኃኒት አገር ውስጥ እንዲገባና እንዲሸጥ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ አዋጁም ቁጥር 1112/2011 ነው። ቸርቻሪውን ቤት የሚፈትሹት ደግሞ የክልሉና የከተማው ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ፋርማሲና መድኃኒት መደብር አንድ አይደሉም፤ ፋርማሲን የሚመራው ፋርማሲስት ነው፣ መደብሩ ከዚያ ዝቅ ባለ ባለሙያ ሊመራ ይችላል፣ የሚይዘውም መድኃኒት ያንሳል።

ከዚያ አቀማመጡ ይመጣል፣ እኔ ቤቱን የምመዝነው በዚህ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች፣ ፀሐይና እርጥበት የማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ጎንደር ከፍታ ላይ ናት ብላችሁ አትዘናጉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ክፍል ከሰዓት በኋላ ትጋላለች። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀው ቀድሞ ይሸጣል፣ ጊዜው ያለፈበት ተለይቶ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መሆን አለበት፤ በረዶ ከያዘው ግን ቢቀልጥም አይሆንም። ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር፣ አጠገቡ ደግሞ ጠዋትና ማታ ሙቀቱ የሚጻፍበት ወረቀት ይኖራል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ባለሙያው ሳያመነታ ከመለሰ ደግ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ከኢንሱሊኑ ጎን የምሳ ዕቃና ለስላሳ ካያችሁ ግን ሌላ ቤት ሂዱ።

ጊዜ ማለፊያው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚል ብልቃጥ ያየ ሰው በእኛ 2018 ላይ ሆኖ ገና ስምንት ዓመት አለው ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው። ጎበዝ ባለሙያ ይህን በእኛ ቀን አስልቶ ይነግራችኋል፣ እንዲያውም ጽፎ ይሰጣል።

አሰጣጡ ላይ ደግሞ ጥያቄ የሚያበዛባችሁን ቤት ውደዱት። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ትጾማለህ? የመጨረሻዋ ጎንደር ላይ ወሳኝ ናት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ቢባል ወይ ይዘለዋል ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፣ የስኳር መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ራሱን ሊያስት ይችላል። በረመዳንም ያው ነው። ሰዓቱን ለማስተካከል ባለሙያው ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው፤ በተግባር ግን እዚሁ ከተማ ታማሚ መስለው የገቡ አጥኚዎች በቀላሉ እንደሚገኝ አይተዋል። ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም፣ «ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» የምንለው እኛው ነን። ሁለት ፍሬ ጀርሙን አይገድለውም፣ ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል። ልጅ ቢያስቀምጠውም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክ ሳይሆን ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) እና ዚንክ ነው። እንቅልፍ የሚያስወስዱና ሱስ የሚያስይዙት ደግሞ ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ ይወጣሉ። «ያለ ወረቀት አልሰጥም» ያላችሁን ሰው አትቆጡት።

ጎንደር ወደ መተማ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች የኮንትሮባንድ ዕቃ ወሬ አይጠፋም፣ መድኃኒትም ጭምር። ከገበያው ዋጋ በጣም የረከሰ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ማሸጊያው የተነካካ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ማን ያውቃል?

መድኃኒቱ ሰውነታችሁ ላይ ያልተለመደ ነገር ካመጣ ለፋርማሲስቱ ንገሩ፣ ወይም በባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውሉ። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ እስክትወስዱ ማሸጊያውን አትጣሉት፤ የምርት መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው፣ ሲደወል ከሚጠየቁት አንዱም እሱ ነው።