በፖድካስት ትምህርት «የትብብር መርህ» ምን ማለት ነው?

ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ «የትብብር መርህ» ያለው መስማማትን አይደለም፤ በብርቱ የሚከራከሩ ሰዎችም መርሁን ሊጠብቁ ይችላሉ። መርሁ የሚጠይቀው ተናጋሪው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ እውነት ነው ብሎ የሚያምነውን፣ ከጉዳዩ ሳይወጣ፣ በግልጽ እንዲናገር ነው። በትምህርታዊ ፖድካስት ከአራቱ ይበልጥ የሚከብደው መጠኑን ማወቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አድማጩ «ይህን አውቀዋለሁ፣ እለፈው» ወይም «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት አይችልም። ስለዚህ ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በሚያስረዳ ዝግጅት ላይ አዘጋጇ «ክሎሮፊል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብላ እንግዳውን ስታቋርጥ፣ መልሱን እያወቀችም ቢሆን፣ የምትጠይቀው በአድማጩ ቦታ ሆና ነው። እንግዳውም ያን ጊዜ ለሙያ ባልደረባ ሳይሆን ለጀማሪ በሚበቃ መጠን፣ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና የፀሐይን ብርሃን የሚቀበለው ንጥረ ነገር መሆኑን ይነግሯታል። ጨዋታና ቀልድ መርሁን አያፈርሱም (ከርዕሱ እስካልወጡ ድረስ)።