አዲስ የፍሬን ሸራና ዲስክ ማሟሸት

የመኪና ፍሬን ሸራ ወይም ዲስክ መቀየር ጋራዥ ውስጥ ተጀምሮ መንገድ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፤ ሸራ ደግሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ነው። መካኒኩ ያረጀውን አውጥቶ አዲሱን ካሰረ፣ ጎማውን ከመለሰና ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ካጠነከረ በኋላም የሸራው ገጽና የዲስኩ ገጽ ገና በሙላት አልተገናኙም። ፍሬኑ ይይዛል፤ መያዝ የሚገባውን ያህል ግን አይደለም። ማሟሸት ማለት ይህ ቀሪ ሥራ ነው፤ በተወሰነ ፍጥነት እየነዱ ፍሬኑን በልክ ደጋግሞ መያዝ፣ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ማቀዝቀዝ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሸ ካልተሟሸ እንጀራው እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ ዲስክም መጀመሪያ ላይ የሚለብሰው ስስ ሽፋን የኋላ ጠባዩን ይወስንለታል። ብዙ ባለመኪና ይህን ደረጃ ሳያውቀው ያልፈዋል። ከሳምንታት በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥፋቱ «ፎርጅድ» ዕቃ በሸጠው ሱቅ ላይ ይለጠፋል።

ፍሬን የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 145 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት አለው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 580 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚቀበለው በአብዛኛው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰ ብረት፣ የሚሠራው ዲስክ ነው። መኪናውን የሚይዘው ሰበቃ የሚፈጠረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መፋቅ ሲሆን፣ በሸራው ውስጥ ያሉ ጠንካራ ቅንጣቶች ዲስኩን እየፋቁ ሁለቱም ቀስ በቀስ ያልቃሉ። ሁለተኛው መጣበቅ ነው። ከሸራው የተላቀቀ ቁስ በሙቀት ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ሸራው የሚታከከው ከባዶ ብረት ጋር ሳይሆን ከራሱ ዓይነት ቁስ ጋር ነው። በመካከላቸው እየተፈጠረ ወዲያው የሚበጠሰው ትስስር ጉልበቱን ይበላል። ለዕለት ተዕለት መኪና የሚሠራ ሸራ ሁለቱንም ይጠቀማል። ብረት የበዛበት ሸራ ወደ መፋቁ ያደላል፤ ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ በሽፋኑ ላይ ይበልጥ ይመካል።

ሸራው ራሱም መብሰል አለበት። ቃጫውን፣ የብረት ብናኙንና ግራፋይቱን አንድ ላይ የሚይዘው ፌኖሊክ የተባለ ሙጫ ነው፤ ይህ ሙጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በኃይል ሲሞቅ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ሲገባ ፔዳሉ እንደ ጠነከረ መኪናው አልቆም ይላል። አዲስ ሸራ አስገጥሞ ወዲያው ረጅም ቁልቁለት መውረድ አደገኛ የሚሆነው ስለዚህ ነው። አንዳንድ አምራቾች ሸራውን ፋብሪካ ውስጥ አስቀድመው ስለሚያበስሉት ይህ ችግር ይቀንሳል፤ በዲስኩ ላይ መሠራት ያለበት ሽፋን ግን እዚያ ሊሠራ አይችልም።

ከማሟሸቱ በፊት ያለው ዝግጅት ከራሱ ከማሟሸቱ ባልተናነሰ ትኩረት ይሻል። አዲስ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ሸራው ይገባል። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ያለ ዝገት በብረት ብሩሽ ካልተጠረገ ዲስኩ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። ለብዙ መኪና የሚፈቀደው የዲስክ መወላገድ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ቀጭን የዝገት ቅርፊት እንኳ ይበቃዋል። የጎማ ብሎኖችም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እኩል መጥበቅ ይኖርባቸዋል። ሸራው ብቻ ተቀይሮ አሮጌው ዲስክ የሚቀጥል ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ይታያል፤ የቀድሞው ሸራ የተወው ሽፋንም በሸካራ ወረቀት ይነሳል፤ የሁለት ዓይነት ሸራ ቅሪት አንድ ላይ በደንብ አይቀመጥምና።

ሥራው የሚሠራው ደረቅና ጭር ያለ፣ ከኋላ ተከታይ መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ነው። አምራቹ በሸራው ማሸጊያ ውስጥ መመሪያ ካስቀመጠ የሚከበረው እሱ ነው። መመሪያ ከሌለ ለተራ መኪና የሚሆነው ልማድ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ገደማ፣ ፔዳሉን በመካከለኛ ኃይል ይዞ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ማውረድ፤ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይቸኩሉ መንዳት። ከዚያ መንገዱ ከፈቀደ ከ80 ወይም ከ90 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ገደማ ጠንከር አድርጎ፣ ነገር ግን ኤቢኤሱ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት) ሳይነሳ፣ አምስት ስድስት ጊዜ መድገም። በመጨረሻ ፍሬኑን በተቻለ መጠን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድቶ ማቀዝቀዝ። በአሜሪካ የሚታወቀው ሌላው መንገድ ለስለስ ያለ ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 8 ገደማ ሠላሳ ጊዜ፣ በየመሃሉ ሠላሳ ሴኮንድ እያረፉ። ለቤት መኪና እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ጊዜ ቢፈጅም ሙቀቱ ከቁጥጥር አይወጣም።

የመቃጠል ሽታና ትንሽ ጭስ ቢወጣ አያስደነግጥም። ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ወለሉ ከወረደ ግን ማቆም ግድ ነው፤ ምናልባት የፍሬን ዘይቱ እየፈላ ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይፈላ ይጠበቃል፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወለል ወደ 140 ይወርዳል። ሸራ ሲቀየር ያረጀ ዘይትን አብሮ መቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያለበት ሕግ በማሟሸቱ መሃል፣ ፍሬኑ እንደ ጋለ፣ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ አለመቆየት ነው። የጋለው ሸራ ባለበት ቦታ ዲስኩ ላይ ቁሱን ያትማል። ያ ቦታ ከሌላው በትንሹ ወፈር ይላል፤ ዲስኩ በዞረ ቁጥር ሸራው እዚያ ላይ ይበልጥ ይታከካል፤ ይበልጥ ስለሚሞቅም ተጨማሪ ቁስ ይሰበስባል። የሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል ጥቂቱ ልዩነት በመሪውና በፔዳሉ ላይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይሰማል። ያ ቦታ ከመጠን በላይ ሲግል የጊዛው ውስጣዊ አሠራር ራሱ ተለውጦ ሴመንታይት የተባለ እጅግ ጠንካራ ውህድ ይፈጠራል። «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው አብዛኛው ጉዳይ ይህ ነው፤ ዲስኩ ሳይሆን ሽፋኑ ነው ወጣ ገባ የሆነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ለጊዜው ያስተካክለዋል፤ ግን ዲስኩን ያሳሳዋል፣ ጠንካራው ነጥብ ወደ ውስጥ ከዘለቀም ችግሩ ይመለሳል። ቶሎ ከተደረሰበት እንደገና በሥርዓት ማሟሸት ብቻውን ሽፋኑን ሊያስተካክለው ይችላል፤ ይህ ሳይሞከር ለቶርኖ ገንዘብ መክፈል ያሳዝናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። መኪና በመኪና ላይ በተነባበረበት መንገድ፣ መኪናው በየመብራቱ ቁልቁል ላይ ፔዳል ተረግጦ ይቆማል፤ አዲስ ሸራ የማይፈልገው ይህንኑ ነው። እሑድ ማለዳ ወደ ከተማው ዳር ወጥቶ መሥራት ይሻላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጥምዝምዝ የሚወርደውን መንገድ ባልተሟሸ ፍሬን መጀመር ግን ከቶ አይገባም፤ የተሟሸውም ቢሆን እዚያ ላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኃይል መታገዝ ይፈልጋል። የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ከበሮ መሰል ብረት) የሆነ ሚኒባሶች የሸራው ክብ ከታምቡሩ ክብ ጋር እስኪገጥም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ሕግ አውጪዎችም ያልተሟሸ ፍሬን አይለኩም። የአሜሪካው የመንገደኛ መኪና ፍሬን ደንብ፣ ቁጥር 135፣ ዋናው ፈተና ከመጀመሩ በፊት መኪናው ከ80 ኪሎ ሜትር እስከ መቆም 200 ጊዜ በለዘብታ እንዲያዝ ያዛል። እዚያ መቆሙ የማይጎዳው በየመሃሉ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ ነው።

ዲስክ ፍሬን አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ዓለም ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የደንሎፕ ዲስክ የተገጠመላት ጃጓር በፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን የመኪና ውድድር ስታሸንፍ ነው። የዚያ ዘመን ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ቃጫ ነበረባቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማዕድኑን በጠቅላላ ከልክሏል፤ በሌላው ዓለም ግን አሮጌ ሸራ ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የፍሬን ብናኝን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ለመካኒኩ ሳንባ ጎጂ ልማድ ነውና በእርጥብ ጨርቅ ወይም በማጽጃ ፈሳሽ መጥረግ ይገባል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በብዛት የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፔዳሉ በቀስታ ሲረገጥ ብዙዎቹን የሚያዘገየው ሞተሩ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ሸራው ዲስኩን አይነካም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በእነሱ ላይ ሲሟሽ ጉልበት መላሹን ከመኪናው ማስተካከያ ላይ ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አሽከርካሪው ሠላሳ ጊዜ ቢይዝም ዲስኩ ሳይሞቅ ይቀራል። ከዚያ በኋላም በክረምት ዲስካቸው በሥራ ማጣት ስለሚዝግ፣ በየጥቂት ቀኑ ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ መያዝ ዝገቱን ያነሳል።