ነፍናፋ፦ የላንቃ መሰንጠቅ እና የንግግር አየር በጎጃም አማርኛ

በጎጃም፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር፣ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ ሰው ነፍናፋ ይባላል። ቃሉ ማሾፊያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል እንጂ አየሩ የሚሄድበትን መንገድ በደንብ ያመለክታል። ጉድለቱ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው ስለተደፈነ «ማማ» ሊል ሲል «ባባ» ይሆንበታል። ላንቃው (ትናጋው) የተሰነጠቀ ሰው ደግሞ አፍንጫውን ከአፉ የሚለይለት ስለሌለ «ባባ» ያለው ወደ «ማማ» ያደላበታል።

ከሳንባ የሚመጣ አየር ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ሁለት መውጫ አለው። መተላለፊያውን የሚቆጣጠረው ለስላሳው ላንቃ ነው፤ አጥንት የሌለው፣ እንጥል የሚንጠለጠልበት የኋላው ክፍል። ም፣ ን እና ኝ ሲነገሩ ዝቅ ብሎ አየሩን በአፍንጫ ይለቃል። በቀሩት አብዛኞቹ ድምፆች ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይገጥማል። ተናጋሪው ሳይታወቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። ማየት የፈለገ ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይያዝና «ከበደ ጥጥ ይዞ ሄደ» ይበል። ላንቃው ደህና ከሆነ መስታወቱ ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ «እማማ» ሲል ግን ይደበዝዛል። ላንቃው ክፍት የሆነ ሰው በ«ጥጥ»ም ያደበዝዘዋል።

የአየሩን ፍሰት በቁጥር ለመለካት መንገድ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ዋረን እና አርተር ዱቦይስ ናቸው። በአፍ ውስጥ ያለውን ግፊትና በአፍንጫ የሚያልፈውን አየር አንድ ላይ ለክተው በላንቃና በጉሮሮ ግድግዳ መካከል ሳይዘጋ የሚቀረውን ቀዳዳ ስፋት አሰሉ። እንደ ፕ ባለ ድምፅ የአፍ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ውኃን ከ3 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወደሚያደርግ መጠን ይደርሳል። ቀዳዳው ከ5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ግፊቱ ይጠበቃል፤ ከ20 ሲያልፍ ንግግሩ በግልጽ ይበላሻል። 20 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የአንዲት ትንሽ አተር ስፋት ነው!

አማርኛ ለዚህ ቀዳዳ ርኅራኄ የለውም። ሰዋስው አጥኚዎች ፈንጂ የሚሏቸው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሚፈጠሩት ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ሲገፋ፣ በእርሱና በምላስ ወይም በከንፈር መካከል የታሰረው ጥቂት አየር ሲጨመቅ ነው። በተራው ተ ላይ አየር ቢሾልክ ሳንባ ጨምሮ ይልካል፤ በጠ ላይ ግን በሩ ከታች ስለተዘጋ የሚተካ የለም። ማጥበቅም ሌላ ሸክም ነው፤ ልብስ ሰፊውን ከሰፊው ሜዳ የሚለየው ፍ ላይ የሚቆየው ግፊት ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ታዲያ ብልሃት ይፈጥራል። ከቀዳዳው በታች አየሩ ገና ሙሉ ስለሆነ ድምፁን እዚያው ማንቁርቱ ላይ ይቆርጠዋል፤ «ጠጠር» ለሰሚው «አአር» ይመስላል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ብሎ መስማማት ግን፣ የአገራችን ሰው የሚወደው፣ ግፊት አይሻምና ብዙም አይቸግረውም።

ላንቃ ግራና ቀኙ ተገናኝቶ የሚገጥመው በእርግዝና እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዓለም ከ700 ልጆች አንዱ ያህል ከንፈሩ ወይም ላንቃው ሳይገጥም ይወለዳል። ሕፃኑ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። አንዳንዱ ስንጥቅ ግን ከሥጋው ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ምልክቱ ሁለት ጫፍ ያለው እንጥል ሊሆን ይችላል። በጎጃም ገጠር የሚታወቀው እንጥል ማስቆረጥ፣ ከደም መፍሰሱና ከመመርቀዙ ሌላ፣ ይህን ምልክት አብሮ ቆርጦ ይጥላል። ምላጩ ጠለቅ ካለም ለስላሳውን ላንቃ ራሱን ይጎዳል።

ቀዶ ሕክምናው በብዛት ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይመከራል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መሐሉም የዓባይ በረሃ፤ ከገጠር የሚነሳ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ልጁ አፉን ከፈታ በኋላ ቢደርስ አይፈረድበትም። ያኔ ስፌቱ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ የማንቁርቱ ልማድ ግን ይቀራል። ዘመድ «እሳት እፍ ይበል»፣ «ዋሽንት ይንፋ» ብሎ ይመክራል። ምክሩ የዋህ ነው፤ ላንቃ ለመንፋትና ለመናገር የሚዘጋበት መንገድ ስለሚለያይ ጥሩ ዋሽንት ነፊ የሆነ ልጅም ጠ ላይ ሊቸገር ይችላል። የሚረዳው ድምፁን ራሱን መለማመድ ነው፦ የልጁን አፍንጫ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ «ጥጥ» ማስባል፣ ግፊቱ አፉ ውስጥ ሲሰማው መድገም፣ ቀስ በቀስም ጣትን መልቀቅ።