ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፦ የገበታ ስሞች ከአገር አገር

በአማርኛ የቀን ምግብ ሦስት ስም አለው፦ ቁርስ፣ ምሳና እራት። ጎንደር ቢሄዱ ጎጃም፣ ወሎ ቢሄዱ ሸዋ፣ ስሞቹ እነዚሁ ናቸው። ቢበዛ አንዱ «ራት» ሲል ሌላው «እራት» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ በ«ር» የሚጀምር ቃል ሲያጋጥመው ፊቱ ላይ «እ» ጣል ማድረግ ይወዳል፤ ራስን እራስ፣ ረኛን እረኛ እንደሚለው። ነገሩ የሚጥመው ከአማርኛ ወጣ ሲሉ ነው። አማርኛው ውስጥም ቢሆን በሦስቱ ስሞች መሃል ያለው ክፍተት ብዙ ያስወራል።

ቁርስ «ቆረሰ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ዳቦ ሲቆረስ የምንለው ያው ቆረሰ። ምሳ በግእዝ «ምሳሕ» ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል የመጨረሻዋ «ሕ» አብራ ሄደች። ትግርኛ ግን ጉሮሮውን ስላልለቀቀ መቀሌም አስመራም ዛሬም ምሳሕ ይባላል። ቁርስ እዚያ ቁርሲ ነው። እራት ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ፤ ትግርኛ የግእዙን «ድራር» እንደያዘ አለ። እኔን የሚያስቀናኝ ግሱ ነው። ትግርኛ ለየገበታው የራሱ ግስ አለው፦ ቁርስ ለበላ ቆረሰ፣ ምሳ ለበላ ተመስሐ፣ እራት ለበላ ተደረረ። እኛ ሦስቱንም «በላ» ብለን እንገላገላለን።

በኦሮምኛ ቁርስ ጪሬ፣ ምሳ ላቀና፣ እራት ኢርባታ ነው። በሶማሊኛ ደግሞ ቁራዕ፣ ቀዶና ዓሾ። የመጨረሻው ዓረቦች እራትን ከሚጠሩበት «ዐሻእ» ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። ድሬዳዋ ላይ በአንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን አንድ ላይ ቢሰሙ አይደንቅም።

ስም ብቻ ሳይሆን «መብላት» የሚለው ሐሳብ ራሱ የሚናወጥበት ቦታም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጊዶሌ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች ፓርሾት የሚባል ነገር አላቸው። ከማሽላና ከበቆሎ እየፈላ የሚሠራ ወፍራም መጠጥ ነው። ለአዋቂ ሰው የቀኑ ዋና ቀለብ እሱ ነው፤ ጠዋትም ቀንም ማታም ይጠጣል፣ በቀን በሊትር እየተቆጠረ። እዚያ «ምሳ በላህ?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ያስቸግራል።

ወደ አማርኛው እንመለስ። ቁርስ የጠዋት ምግብ ነው ብለን ብንማርም ቃሉ ራሱ በሰዓት አይገዛም። ማስረጃው የቡና ቁርስ ነው። ቡና ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢፈላ፣ አብሮት የሚቀርበው ፈንዲሻ ወይም ቆሎ ወይም ድፎ ዳቦ ቁርስ ይባላል። እራት ገና አልቀረበም፣ ቁርስ ግን እየተበላ ነው! ለባዕድ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ጾምም ስሞቹን ያናጋቸዋል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ውስጥ ቁርስ የልጆች ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የመጀመሪያ ጉርሻውን የሚያነሳው ሌላው ሰው ምሳውን ረስቶ መክሰስ ሲያስብ ነው። ያን ምግብ ቁርስ የሚለው የለም። «እህል ቀመስኩ» ይባልና ያልፋል። የፋሲካ ሌሊት የባሰ ነው። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በውድቅት ዶሮ ወጥ ይቀርባል። እራት እንዳይባል እራት ሰዓቱ አልፏል፤ ቁርስ እንዳይባል ገና አልነጋም። ስለዚህ ሌላ ቃል ተገኘለት፦ መፈሰክ።

ደሴና ጅማ በረመዳን ቀኑ ይገለበጣል። ከንጋት በፊት ሱሁር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ኢፍጣር። «አፈጠርክ?» የሚለው ጥያቄ በሙስሊሙ አማርኛ ውስጥ ቤተኛ ሆኗል። ቴምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ተቀምሶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ከዚያ ነው ዋናው ገበታ የሚቀርበው።

በምሳና በእራት መካከል መክሰስ አለ፤ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ። የከተማ ቃል ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ተማሪ ግን ጠዋት በእረፍት ሰዓት የሚበላውንም መክሰስ ይለዋል። ትምህርት ቤት ካነሳን አይቀር፣ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያቀርቡት ምግብ በሹማምንት ቋንቋ «ምገባ» ነው። የሚበሉት ልጆች ግን ቁርስና ምሳ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ወሬው ከምግቡ ወደ ቦታው ይዞራል። ካፌ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው ምግብ አዳራሽ፣ የሚበላና «ነን ካፌ» የሆነ፣ ማለትም የምግቡን ገንዘብ ወስዶ ውጭ የሚበላ ተማሪ ኑሮው ለየቅል ነው።

በነገራችን ላይ አባባል ውስጥ እድለኛው እራት ነው። ሌሊት መብራት ላይ የምትዞረው በራሪ ነፍሳት የእሳት እራት ትባላለች። ከብቱ ከበረት ውጪ ካደረ የጅብ እራት ይሆናል። ቁርስም ድርሻ አለው፤ ተጋጣሚውን በቀላሉ የረታ ሰው «ቁርሱ አደረገው» ይባልለታል። የጅብ ምሳ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ጅብ በቀን ስለማይወጣ ይሆናል።

ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ይማረዋል። ቤሩት ሠርታ ኩዌት የሄደች ልጅ ቁርስን መጀመሪያ ተርዊቃ፣ ቀጥሎ ረዩግ ብላ ትጠራለች። ካይሮ ላይ ቁርስ ማለት የሆነው ፉጡር ቱኒስ ሲደርስ ምሳ ይሆናል። ሰሜን እንግሊዝ ደግሞ ብዙ ሰው የቀትሩን ምግብ «ዲነር»፣ የማታውን «ቲ» ይላል። ለንደን የለመደ ሰው ዲነር ሲባል የማታ ምግብ ነው የሚመጣለት። ሊድስ ላይ «ቲ ብላ» ተብሎ የተጠራ እንግዳ አንድ ሲኒ ሻይ አስቦ ሄዶ ሙሉ እራት ይጠብቀዋል። ሆዱን ሞልቶ የሄደ እንደሆነ አለቀለት።

እስራኤል ያለው ግን ከሁሉም ይብሳል። እዚያ የልጆች የጠዋት መክሰስ «አሩኻት ኤሴር» ይባላል፤ ቃል በቃል የአሥር ሰዓት ምግብ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 10፣ በእኛ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ «አሩኻት አርባ»፣ የአራት ሰዓት ምግብ ነው። እሱ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ ይውላል። እንግዲህ አያት ሰዓታቸውን ሳይቀይሩ የኖሩ እንደሆነ፣ የልጅ ልጃቸው የአሥር ሰዓቱን ምግብ በአራት፣ የአራቱን በአሥር ሲበላ ያያሉ።