ሆፍካፔለ ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ በድሮዋ ኦስትሪያ ከንጉሠ ነገሥቱ ካዝና ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ የቤተ መንግሥት ዘማሪዎችና ሙዚቀኞች ናቸው። ድግሱም ኦፔራውም ላይ ይጫወቱ ነበር፣ ዋናው ሥራቸው ግን ቅዳሴ ነበር። የቪየናውን በ1498 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን ነው። የደመቀው ግን በባሮክ ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ)፣ በተለይ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ሊዮፖልድና በልጁ በካርል 6ኛ ጊዜ ነው።

ሊዮፖልድ ገና በልጅነቱ ለክህነት ነበር የታሰበው። ታላቅ ወንድሙ በፈንጣጣ ሲሞት ዘውዱ ሳይጠበቅ እሱ ላይ ወደቀ፤ ሙዚቃውን ግን አልተወም። ገንዘብ የሚሰጥ ንጉሥ ሞልቷል። ይሄኛው ግን ራሱ ሙዚቃ ይደርሳል! በ1673 ሚስቱ ማርጋሪታ ቴሬዛ ስትሞት ለነፍሷ የሚዜመውን የሙታን ቅዳሴ የደረሰው እሱ ነው። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሴፖልክሮ የሚሉት ነገር አለ፦ ጸሎት ቤቱ ውስጥ የጌታ መቃብር አምሳያ ይሠራል፣ ከፊቱ ዘማሪዎቹ የሕማማቱን ታሪክ እየተወኑ ያዜማሉ። ለእኔ ይሄ ጾም የገባ ኦፔራ ነው።

ዜማው እንደ ቀኑ ይለያያል። በታላላቅ በዓላት መለከትና ነጋሪት ይነፋል፣ ይጎሰማል፤ በዐቢይ ጾም ያ ሁሉ ጸጥ ይልና በጥንቱ ስልት የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ፖለቲካውም እዚሁ ነው። መለከትና ነጋሪት የንጉሥ ክብር መግለጫ ስለሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያስተጋቡ ሕዝቡ እግዚአብሔርን ማመስገኑ ነው ወይስ ንጉሠ ነገሥቱን ማድነቁ? መልሱ ሁለቱንም ነው፣ የተፈለገውም ይኸው ነው።

በካርል 6ኛ ዘመን ዋናው ሰው ዮሃን ዮሴፍ ፉክስ ነው። የገበሬ ልጅ ነው፤ በ1715 የሆፍካፔለው የበላይ ሆነ። በ1723 ካርል ፕራግ ላይ የቦሄሚያን (የዛሬዋን ቼክ) ዘውድ ሲደፋ ለበዓሉ ኦፔራ የደረሰው ፉክስ ነበር፣ ግን ሪህ ጠፍሮ ይዞታል። ታዲያ ንጉሡ ምን አደረጉ? ከቪየና እስከ ፕራግ ድረስ በቃሬዛ አስወሰዱት። ሙዚቃውን የመራው ምክትሉ አንቶኒዮ ካልዳራ ነው፣ ፉክስ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጻፈው የዜማ ድርሰት መማሪያም በንጉሠ ነገሥቱ ወጪ ታተመ፤ ኋላ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን ራሱን ያስተማረበት መጽሐፍ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ኪስና ፍላጎት ላይ የቆመ ነበር። ካርል በ1740 ሲሞቱ ልጃቸው ማሪያ ቴሬዛ ከዙፋኑ ጋር ጦርነትም ወረሱ፣ የሙዚቃው በጀትም ተቆረጠ።