ዲስኩ የታል? ቨርቹዋሉን ከሚጨበጠው መለየት

ላፕቶፕ ገዝታችሁ ለቴክኒሻን «ፎርማት አድርግልኝ» ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ የሚባሉ ሁለት ድራይቮች ይዞ ይመለስላችኋል። ዊንዶውሱ ሲ ላይ፣ ፎቶውና ፊልሙ ዲ ላይ። ብዙ ሰው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ ተዝናንቶ ይኖራል። ላፕቶፑን ብሎኑን ፈታችሁ ብታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨበጠው ዲስክ አንድ ነው። ዲ እዚያው ዲስክ ላይ የተሰመረ ድንበር ነው። ፓርቲሽን ይሉታል። ዲስኩ የሞተ ቀን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የፕሮግራመሩ ችግር ከዚህም ይብሳል። ዲ ቢያንስ ከጀርባው የራሱ የዲስክ ቁራሽ አለው። አንዳንዱ የድራይቭ ፊደል ግን እሱም የለውም። ከጀርባው ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ሊሆን ይችላል። ወይ አንድ ፎልደር። ወይ ከራም የተቆረሰ ቦታ። ወይ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር። ለተጠቃሚው ሁሉም ያው ድራይቭ ነው። ለኮዱም፣ ቆም ብሎ ካልጠየቀ፣ ያው ነው።

ደግሞም በስህተት የመጣ ነገር አይደለም። ቨርቹዋል ዲስክ፣ ማለትም ዲስክ ሳይሆን ዲስክ የሚመስለው፣ ጎበዝ የሚባለው ማንም ሳይነቃበት ሲቀር ነው። ስለዚህ «ይሄ እውነተኛ ዲስክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ኮድ፣ ሆን ተብሎ የተሸፈነ ነገር ሊገልጥ ነው የሚታገለው። መቶ በመቶ የሚያስተማምን አንድ ጥያቄ የሌለውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከግል ኮምፒውተር ይቀድማል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ለትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ያወጣው ቪኤም/370 የተባለ ሲስተም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «ሚኒዲስክ» የሚባል ነገር ይሰጥ ነበር። ከአንዱ ትልቅ ዲስክ የተወሰኑ ሲሊንደሮች ይቆረሱና ተጠቃሚው የግሉ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። የፊደሉ ነገር ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን የቀረ ነው። ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ተያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣው አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ ሲን ወሰደ። በዓመቱ ፒሲ ዶስ 3.0 ራምን ዲስክ የሚያስመስል ቪዲስክ የተባለ ሾፌር ይዞ መጣ። ዶስ 3.1 ደግሞ «ሰብስት» የተባለች ትእዛዝ ጨመረ። አንድን ፎልደር የድራይቭ ፊደል ትሰጠዋለች። ዛሬም ዊንዶውስ ውስጥ አለች።

እኔን ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ፋይሎችን በየማታው ከሲ ወደ ኢ የሚገለብጥ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ፣ ኢ ቋሚ ዲስክ መሆኑን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ አደረግሁት። «ቋሚ ነው» አለ። ከወራት በኋላ ዲስኩ ተቃጠለ። ኢን ፍለጋ ስሄድ ኢ የለም። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሲ ላይ ያለ አንድ ፎልደር በሰብስት ኢ ብሎ ሰይሞት፣ ትእዛዙን ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር እንዲሮጥ አስቀምጦት ኖሯል። ባክአፑ ከዋናው ጋር እዚያው ሲ ላይ ተኝቶ ነበር። የሚያናድደው፣ ምልክቱ ፊት ለፊቴ ነበር። «ማይ ኮምፒውተር» ሲከፈት የሲ እና የኢ ባዶ ቦታ ልክ አንድ ዓይነት ነበር። ሁለት የተለያዩ ዲስኮች በአጋጣሚ እንደዚያ አይገጣጠሙም።

ስክሪፕቱ የጠየቃት «ጌት ድራይቭ ታይፕ» የምትባለውን የዊንዶውስ ፈንክሽን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ከ0 እስከ 6 ያለ ቁጥር ትመልሳለች፦ 2 ተነቃይ፣ 3 ቋሚ፣ 4 የኔትወርክ፣ 5 ሲዲ፣ 6 የራም ዲስክ። መልሷ ውሸት አይደለም፤ ጥያቄያችን ነው የተሳሳተው። በሰብስት የተሰየመ ፎልደር የተኛበትን ዲስክ ዓይነት ይዞ 3 ይላል። ከፋይል የተከፈተ ቨርቹዋል ሃርድ ዲስክም 3 ይላል። የአይኤስኦ ፋይል (የሲዲ ሙሉ ቅጂ የያዘ ፋይል) ስትከፍቱ፣ ላፕቶፑ ሲዲ ማንበቢያ ባይኖረውም 5 ይላል። ይህች ፈንክሽን የምትነግረን ድራይቩ እንዴት እንደሚያዝ ነው። ከምን እንደተሠራ አትነግረንም።

ትንሽ ጠለቅ ያለችው «ኩዌሪ ዶስ ዲቫይስ» ናት። ፊደሉ ከጀርባው የማን ስም እንደሆነ ትነግራለች። ለሲ ብትጠይቋት «ሃርድ ዲስክ ቮልዩም 3» ዓይነት መልስ ትሰጣለች። በሰብስት ለተሰየመው ግን መልሷ በ\??\ ጀምሮ የፎልደሩን አድራሻ ይቀጥላል። እነዚያን ሁለት ጥያቄ ምልክቶች ካያችሁ ነገሩ አለቀ፤ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው ያላችሁት። ቬራክሪፕት የተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር የሚከፍተው ድራይቭም በራሱ ስም ይወጣል። አንድ መስመር ኮድ ብትበቃኝ ኖሮ እኔን የምታድነኝ ይህች ነበረች።

ቪኤችዲ፣ ማለትም ከላይ ያልነው ከፋይል የሚከፈተው ቨርቹዋል ሃርድ ዲስክ፣ ግን እሷንም ያልፋታል። ይህ የፋይል ዓይነት ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ ቨርቹዋል ፒሲ ለሚለው ሶፍትዌሩ የፈጠረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክሮሶፍት ሶፍትዌሩን ገዛው። እስከ ዛሬ የቪኤችዲ ፋይል መጨረሻ ላይ ያሉትን 512 ባይቶች ብታዩ የድሮው ባለቤት ስም በ8 ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ያውም አንድ ኤን ጎድሎት። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይህን ፋይል ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር እንደ ዲስክ መክፈት ይቻላል። ሲከፈት ፓርቲሽን አለው፣ ቮልዩም አለው፣ ፊደል አለው። ዊንዶውስ እንዲያውም «ፊዚካል ድራይቭ 1» ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። አዎ፣ ፊዚካል! ስሙን አይቶ ያመነ ኮድ እዚህ ጋ ይሸወዳል።

እዚህ የሚያዋጣው ዲስኩን በየትኛው መንገድ እንደተገናኘ መጠየቅ ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ «ባስ ታይፕ» የሚባል ቁጥር አለው። 7 ዩኤስቢ ነው፤ 11 ሳታ (የተለመደው የውስጥ ዲስክ ማገናኛ)፤ 17 ኤንቪኤምኢ (የአዳዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች)። 14 ቨርቹዋል ነው። 15 ደግሞ ከጀርባው ፋይል ያለበት ቨርቹዋል፤ የተከፈተ ቪኤችዲ የሚወድቀው እዚህ ነው። ይህን ለመጠየቅ የአድሚን ፈቃድ እንኳ አያስፈልግም። ዲስኩን የማንበብም የመጻፍም መብት ሳትጠይቁ ከፍታችሁ ጥያቄውን መላክ ይበቃል። ፋይሉ የትኛው ዲስክ ላይ እንደተኛ ማወቅ ከፈለጋችሁም ለዚያ የተሠራ ሌላ ፈንክሽን አለ።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ገለጥ ያለ ነው። ሲስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ብሎክ ሥር፣ የዲስኮቹ ስም ይደረደራል። እያንዳንዱ ስም ወደ ትክክለኛ ቦታው የሚያመለክት ሊንክ ነው። የሳታ ዲስኩን ብትከተሉት በፒሲአይ አልፎ እስከ ሽቦው ድረስ ይወስዳችኋል። «ሉፕ» የሚባለው፣ ማለትም ፋይልን ዲስክ የሚያስመስለው፣ «ቨርቹዋል» የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል። ከጀርባው ያለው ፋይል የትኛው እንደሆነም እዚያው ተጽፏል። ኡቡንቱ የሚጠቀም ሰው የዲስኮቹን ዝርዝር ሲያወጣ በደርዘን የሚቆጠር ሉፕ አይቶ ይደነግጣል። ቫይረስ አይደለም። ስናፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ዲስክ ስለሚከፈቱ ነው።

ታዲያ «አድራሻው ውስጥ ቨርቹዋል የሚል ቃል ካለ እውነተኛ አይደለም» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። አትጻፉት። አዳዲሶቹ ኤንቪኤምኢ ዲስኮች፣ ሊኑክስ በብዙ መንገድ እንዲደርስባቸው ሲዋቀር፣ አድራሻቸው «ቨርቹዋል» ፎልደር ውስጥ «ኤንቪኤምኢ ሰብሲስተም» በሚል ንዑስ ፎልደር ይወጣል። በእጅ የሚያዝ ዲስክ ነው፤ አድራሻው ግን ቨርቹዋል ይላል። በዚህ ምክንያት የማሽኑን ዋና ዲስክ የሚዘል ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው። ከ«ቨርቹዋል» ቀጥሎ «ብሎክ» መምጣቱን አብሮ ማየት ይሻላል።

ማክ ላይ ብዙ አያደክምም። «ዲስክ ዩቲል» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ዲስክ ራሱ ይሰይመዋል፦ ፊዚካል፣ ዲስክ ኢሜጅ፣ ወይም ሲንተሳይዝድ። የመጨረሻው ኤፒኤፍኤስ የተባለው የማክ የፋይል ሲስተም ከእውነተኛው ዲስክ ላይ የሚያበጀው ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ኮዱ ከውጭ ሆኖ ሲያይ ነው። ኮዱ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ከሆነስ? ያኔ ዲስኩ በሳታ ወይም በኤስኤኤስ የተገናኘሁ ነኝ ይላል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ያምነዋል። የሚያሳብቀው የሞዴል ስሙ ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ከሚፈጥሩት ሶፍትዌሮች ቨርቹዋል ቦክስ «ቪቦክስ ሃርድ ዲስክ» ይላል፤ ኪሙ «ኪሙ ሃርድ ዲስክ»፤ ሃይፐር ቪ «ቨርቹዋል ዲስክ»። አማዞን ላይ የተከራያችሁት ሰርቨር ደግሞ ኤንቪኤምኢ ነኝ ብሎ ይቀርብና፣ ሞዴሉን ስትጠይቁት «አማዞን ኢላስቲክ ብሎክ ስቶር» ይላችኋል። ቫይረስ ጸሐፊዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ብዙ ቫይረሶች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት የዲስኩን ስም ያያሉ፤ ቪቦክስ ካገኙ የመርማሪ ማሽን ነው ብለው አርፈው ይቀመጣሉ። መርማሪዎቹም ስሙን ቀይረው ይጠብቋቸዋል። ድብብቆሽ ነው።

«የሚጨበጥ» የምንለውስ ምን ያህል የሚጨበጥ ነው? ኤስኤስዲ 1000ኛው ብሎክ ብለን የምንጠራውን ዛሬ አንድ ቺፕ ላይ፣ ነገ ሌላ ቺፕ ላይ ያስቀምጠዋል። ካርታውን የያዘው እሱ ነው፤ ለእኛ የሚያሳየን ቁጥር ብቻ ነው። የሬይድ ካርድ አራት ዲስክ አንድ አስመስሎ ያቀርባል። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ፍላሾችማ 2 ቴራባይት ነን ብለው ውስጣቸው ያለው ቺፕ የዚያን ሽራፊም አይይዝም። ኮድ ስለ ፍላሹ የሚያውቀው ፍላሹ ራሱ የነገረውን ነው፤ ውሸቱ የሚያዘው ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ነው።

የሶፍትዌር ፈቃድ ከዲስክ ሲሪያል (መለያ ቁጥር) ጋር የሚያስሩ ሰዎችም እዚህ ይሰናከላሉ። ብዙዎቹ የሚያነቡት የቮልዩሙን፣ ማለትም ፎርማት የተደረገውን ክፍል፣ ሲሪያል ነው፤ እሱ ደግሞ ፎርማት በተደረገ ቁጥር ይቀየራል። የዲስኩ የራሱ ሲሪያል ሌላ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን እሱም አይተማመኑበትም፤ የዲስኩን ፋይል እንዳለ ኮፒ ያደረገ ሰው ሲሪያሉንም አብሮ ይወስዳል።

የእኔ ስክሪፕት አሁን «እውነተኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሁለቱንም ፊደሎች ሽፋን ይገልጣል። ሰብስት ከሆነ ወደ ፎልደሩ፣ ቪኤችዲ ከሆነ ፋይሉ ወደተኛበት ዲስክ ይወርዳል። ከዚያ የሁለቱን የዲስክ ቁጥር ያስተያያል። አንድ ከሆኑ በቀይ «ምንጩና መድረሻው አንድ ዲስክ ነው» ብሎ ጽፎ ይቆማል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ስክሪፕቱ አይሠራም ብለው ደውለውልኝ ያውቃሉ። ኢን ወደ ዲ ቀይረውት ነበር።